በኪኒን ነው በመርፌ?

ደብረ ታቦር ውስጥ "ስኳር ይዞኛል" ብላችሁ ብትናገሩ፣ "እግዜር ይማራችሁ" ከመባላችሁ በፊት የምትጠየቁት ጥያቄ አለ። "በኪኒን ነው በመርፌ?" ትባላላችሁ። በኪኒን ነው ካላችሁ ጠያቂው ተንፈስ ይላል። "ተመስገን ነው፣ ቀላሉ ነው" ይላችኋል። በመርፌ ነው ካላችሁ ግን ከንፈሩን ይመጥና ልጆቻችሁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ይጠይቃል። ምን አገናኘው? እሱ በልቡ ቀብራችሁን ጨርሶ ወደ ሙት ዓመቱ ደርሷላ!

እኔ ታዲያ የኪኒን ወገን ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አያሌው እባላለሁ። ከተማው ግን "ቲቸር" ነው የሚለኝ። ስኳሩ እንደተገኘብኝ ሁለት ዓይነት ኪኒን ታዘዘልኝ። እኔም በኪሴ ይዤ እዞር ጀመር፣ እንደ ሹመት ደብዳቤ። የጠየቀኝንም ያልጠየቀኝንም "በኪኒን ነው" እላለሁ። እንዲህ የሚያስኮራ በሽታ አይቼ አላውቅም።

ኩራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። አብሮ አደጌ ሐጂ እንድሪስ በመርፌ ነበር። ሐጂ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣል። ልጅ ሆነን በአንድ ሜዳ ኳስ ስለተራገጥን ዛሬም አንተ ነው የምንባባለው። ሱቁ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ እኔ ሁልጊዜ ወሬዬን ወደ ስኳር አዞረዋለሁ። "አይ ሐጂ፣ አንተማ ተወጋህ" እለዋለሁ። "እኔ ግን አንዷን ጠዋት፣ አንዷን ማታ ዋጥ አድርጌ ደህና ነኝ።" እሱ ሰው ነው፣ ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ ያሸነፍኩ ይመስለኛል።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ የኪኒኑ ኑሮም ጮማ አልነበረም። ከምግብ ጋር ውሰድ ተብዬ ነበር። እኔ ደግሞ ምክር የምሰጥ እንጂ የምቀበል ሰው አይደለሁም። በባዶ ሆዴ ውጬ ልቅሶ ቤት ሄድኩላችሁ። ሟች የተከበሩ ሰው ነበሩ፣ ድንኳኑ ጸጥ ብሏል። ያን ጊዜ ሆዴ እንደ ነሐሴ የጉማራ ወንዝ መጮኽ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ መጀመሪያ ሰማዩን አዩ። ዝናብ መስሏቸው ነው። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ተነሥቼ እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቁኝ። ሐዘንተኞቹ በኋላ "ቲቸር ሐዘኑ ጸንቶባቸው ሮጡ" ብለው አመሰገኑኝ አሉ።

የሐጂ መርፌም የራሱ ጉድ ነበረው። ተወግቶ ምሳው ከዘገየ ስኳሩ ይወርድበታል። ስኳሩ ሲወርድ ላብ በላብ ይሆናል፣ ያ በድርድር የሚችለው የለም የሚባል ነጋዴ ልቡ ይቀልጣል። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ለአንዲት ሴትዮ ነጠላ በግማሽ ዋጋ ሸጦ፣ ሁለተኛውን መረቀላት። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል የሐጂ ሱቅ በሴቶች ይሞላ ጀመር። እሱም ነቃ። ከረሜላ በኪሱ መያዝ ያዘ። "ስኳር ያለበት ሰው ከረሜላ!" ብዬ የሳቅኩትን ሳቅ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከረሜላዋ ሕይወቱን ነበር የምታተርፈው።

እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰብኝ።

ከጊዜ በኋላ ሱሪዬ ይሰፋኝ ጀመር። ውኃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም። ጋዜጣ ሳነብ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይንቀሳቀሳል። ባለቤቴ ትርንጎ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተሯ ማን ሆና ተገኘች መሰላችሁ? ብርቱካን፣ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ! ውጤቴን አየችና መነጽሯን አወለቀች።

"ቲቸር፣ ኪኒኑ ብቻውን አልበቃም። ኢንሱሊን እንጀምራለን" አለችኝ።

"መርፌ?" አልኩ።

"አዎ፣ መርፌ።"

"እኔኮ የኪኒን ሰው ነኝ።"

"ቲቸር፣ ይኼ ወገን አይደለም፣ መድኃኒት ነው" ብላ ሳቀች። ከዚያ እንደ ገበሬ ልጅነቷ አስረዳችኝ። "እነዚህ የሚወስዱት ኪኒኖች ያለውን በሬ ነው የሚያግዙት። አንዱ ቀንበሩን ያቀልለታል፣ አንዱ ጅራፍ ነው። በሬው ቆሽትዎ ነው። አሁን በሬው ደክሟል። የደከመን በሬ ቢገርፉት ይተኛል እንጂ ያርሳል? ኢንሱሊን ማለት ከጎረቤት በሬ መዋስ ነው።"

"እሺ፣ የተዋስነውን በሬ በኪኒን አትሰጪኝም?"

"ሆድዎ እንደ ሥጋ ፈጭቶ ይበላዋል። ደም ውስጥ ሳይደርስ ያልቃል።"

መልስ ሲያጣ የማይናደድ አስተማሪ ደግሞ የለም። "እስቲ ላስብበት" ብዬ ወጣሁ። ማሰብ ማለቴ መሸሽ ነበር።

በማግሥቱ ለትርንጎ እንኳ በቅጡ ሳልነግር ወደ ጉና ተራራ ወጣሁ። እዚያ ታላቅ እኅቴ እታለም ሙሉ አለች። ገብስና ድንች ታመርታለች፣ በግ ታረባለች፣ ከማንም ሐሳብ አትበደርም። ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ደግሞ ቆጥሬያለሁ። ቆጥሬ ቆጥሬ የደረስኩበትን ጥበብ ለእሷ ነገርኳት። "እታለም፣ ስኳር ጣፋጭ ነው አይደል? ጣፋጭን የሚያሸንፈው መራራ ነው። ኮሶ ልጠጣ ነው የመጣሁት።"

እታለም የበግ ጠጕር ከምትፈትልበት ቀና አለች።

"ኮሶ ለኮሶ ነው የማውቀው" አለችኝ። "ሐኪሙ ምን አለህ?"

"መርፌ ነው የሚሉት።"

"ታዲያ መርፌውን አትወጋም? እኔ ያልተማርኩት ሐኪም ቤት ሂድ እያልኩህ፣ አንተ የተማርከው ጉና ድረስ ኮሶ ፍለጋ?"

"አይገባሽም እታለም፣ መርፌ የመጨረሻው ነው። ከመርፌ በኋላ ጉድጓድ ነው።"

"ሐጂ እንድሪስ ከጀመረ ስንት ዓመቱ? ሞተ እንዴ?"

ይኼን ጥያቄ ዘለልኩት። ከጎረቤት ኮሶ አስመጥቼ፣ ኪኒኔንም "መራራው ይበቃል" ብዬ ትቼ፣ ጨለጥኩት። እንዴት ያለ መራራ መሰላችሁ! ፊቴ ወደ ውስጥ የተሰበሰበ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ያሳለፍኩት ከቤቱ ጀርባ ነው። ወጣሁ ገባሁ፣ ወጣሁ ገባሁ። በጎቹ ለምደውኝ ቀና ብለው ማየት እስኪተዉ ድረስ። ቀድሞም ውኃ የጠማው ሰውነት፣ ያለችው ውኃ በኮሶ ሄደች። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት እንዲህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ እታለም እንደምትለው፣ ተነሥቼ በጎቹን "ጉድ ሞርኒንግ ክላስ" አልኳቸው። በጎቹ "ባ" አሉ። "ሲት ዳውን" አልኳቸው። እኔ አላስታውስም። እታለም ግን እስከዛሬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳየዋለች፣ እጄን እንዴት እንዳወናጨፍኩ ሳይቀር። ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም። ትንፋሼ ከሩቅ ይሰማ ነበር አሉ፣ ዓይኔም ሰው አይለይም። በቅሎዋን ጭና፣ እኔን በጋቢ ከኮርቻው ጋር አስራ፣ ያን ቁልቁለት ራሷ እየሳበች ወደ መኪናው መንገድ አወረደችኝ። መንገድ ላይ ላገኘነው ሁሉ "ሃው አር ዩ" ስል ነበር። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው "ምን አሉ እኒህ መነኩሴ?" ብለው ጠየቋት። "ንስሐ እየገባ ነው" አለቻቸው።

ሐኪም ቤት እንደደረስን ጣቴን ወግተው ደሜን በዚያች ትንሽ የስኳር መለኪያ ማሽን ላይ አስነኩት። ይቺን አስታውሳለሁ፣ እንደ ሕልም። ማሽኗ ቁጥር አላወጣችም። በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ሆሄ ጻፈች። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። "ሃይ" ይላል።

እንግዲህ እኔ ስንት ዓመት ሰላምታ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሰላም ላለኝ መልስ ሳልሰጥ አላልፍም።

"ሄሎ!" አልኳት ማሽኗን።

ነርሷ ክው አለች። ለካ ማሽኗ ሰላም እያለችኝ አልነበረም። ስኳሩ ከምቆጥረው በላይ ሆኗል ማለቷ ነው። "ዶክተር ቶሎ ጥሪ!" ሲባል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ትርንጎ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። በሰባት ልጅ ምጥ ያላለቀሰች ሴት ነች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ከመርፌው ይልቅ የእሷ ዓይን አስፈራኝ። እጇን ያዝኩና "ትርንጎ፣ አጥፍቻለሁ" አልኳት። "ጠፍተህ ነበር እንጂ ማጥፋቱንስ ተወው" አለችኝና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች።

ዶክተር ብርቱካን መጣች። ሁለት ክንዴን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ "በይ እንግዲህ፣ መርፌውን ውጊኝ፣ ቆርጫለሁ" አልኳት። እንደ ሰማዕት ነው ያልኩት።

"ቲቸር፣ ከገቡ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተወጉ ያውቃሉ?"

"መቼ?"

"ጠዋትም፣ አሁንም ተኝተው ሳሉ።"

ሆዴን ገልጬ አየሁ። ቁስል የለ፣ ምልክት የለ። እዚህ ነው ብላ በጣቷ ባትጠቁመኝ አላገኘውም ነበር። የኮሽም እሾህ ስንት ጊዜ ወግቶኝ ከዚህ የባሰ አልጮህኩም? ጉና ድረስ የሸሸሁት ለዚህ ነው? ሰው እንዴት ከማያየው ነገር ይሮጣል?

ከሐኪም ቤት ስወጣ መርፌ መውጋቱን እቤት የሚያስተምረኝ ሐጂ ሆነ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ተሸማቅቄ ጠበቅኩት። አልሳቀም። ገብቶ ጫማውን አወለቀና "ትርንጎ፣ እስቲ አንድ ደህና ድንች አምጪልኝ" አላት። ድንቹን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

"ይኼ ሆድህ ነው" አለኝ።

"ሆዴ እንዲህ አላማረም።"

"ዝም በልና ውጋ። መርፌው ውስጥ ውኃ ነው ያለው።"

ድንቹን ወጋሁት። አንዴ አጣመምኩት፣ አንዴ ጣቴን አገኘሁት። በአሥረኛው "አሁን ሰው ሆንክ" አለኝ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲቆም የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እንዳስቀምጠው፣ ጉና ስወጣ ደግሞ ብርዱ እንዳያበላሸው ከጭነቱ አውጥቼ ከደረቴ እንድይዘው ነገረኝ። ከረሜላም ሰጠኝ። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ክፉ ቃል አልወጣችውም። የዚያን ቀን እንደ ሐጂ ዝምታ የገረፈኝ ነገር የለም። ያቺ የተወጋች ድንች ግን ወጥ ቤት ሄዳ ከጓደኞቿ ጋር ተቀላቀለች። ማታ ትርንጎ አልጫውን ቀምሳ "ይኼ ድንች ምነው ውኃ ቋጠረ?" ስትል እኔና ሐጂ አንድ ላይ ትን አለን።

በራሴ ሆድ ላይ የመጀመሪያውን የወጋሁ ዕለት ቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ሆዴን ቆንጥጬ ያዝኩ። "በሦስት እወጋለሁ" አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል... አርባ ስደርስ ትርንጎ "መርፌ ነው ወይስ ሒሳብ?" አለችኝ። ተናድጄ ወጋሁት። "ገባ?" አልኩ ዓይኔን ጨፍኜ። "አውጣው እንጂ፣ ሊያድር ነው እንዴ!" አለችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሱሪዬ ልኩን አገኘ። የጋዜጣው ፊደልም አደብ ገዛ። ግን የመርፌን ትልቁን ምሥጢር ያወቅሁት ገሳይ ከተማ ሠርግ ተጠርቼ የሄድኩ ዕለት ነው።

የኔ መርፌ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው የሚወጋው። ምግቡ ሊቀርብ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ጓዳ ገብቼ ተወግቼ ወጣሁ። ወጣሁና ተቀመጥኩ። ምግቡ የለም። ሙሽራው አልደረሰም፣ መኪናው ጎማ ፈንድቶበት ነው ተባለ። ሰዓቱን አየሁ። ላብ ላብ አለኝ። ከረሜላ ብፈልግ ሌላ ኮት ለብሻለሁ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ አስተናጋጁን በጆሮው ጠራሁት። "ልጄ፣ መርፌ ተወግቻለሁ፣ ካልበላሁ እወድቃለሁ" አልኩት።

የሆነውን ብታዩ! "መርፌ ተወግተዋል! መርፌ ተወግተዋል!" የሚል ድምፅ ከድንኳን እስከ ወጥ ቤት ተቀባበለ። የሙሽራው እናት ራሳቸው ሳህን ይዘው መጡ። ሙሽራው ሳይደርስ፣ ቄሱ ሳይባርኩ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ምራቁን እየዋጠ እያየኝ፣ እኔ ብቻዬን በላሁ። ዶሮ ወጥ! እንዲህ ያለ ክብር በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመኔ አላገኘሁም። ትንሽ ቆይቶ አጠገቤ ያሉ አንድ ባላገር ጉሮሯቸውን ጠራርገው "እኔም... ተወግቻለሁ" አሉ። ከወዲያ ማዶ ሌላ እጅ ወጣ። ወዲያው አንድ ጐረምሳ። በሩብ ሰዓት ውስጥ በዚያ ድንኳን ስኳር ያልያዘው የሙሽሪት ወገን ብቻ ሆነ፣ እሱም ይሉኝታ ይዞት።

ከዚያ ወዲያ እኔ የመርፌ ሰው ነኝ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ የትም ልሂድ ቀድሜ እበላለሁ። በኪኒን ነኝ የሚሉኝን ሰዎች ትከሻቸውን ቸብ አድርጌ "አይዟችሁ፣ ታድጋላችሁ" እላቸዋለሁ።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ለምርመራ ብቅ ብል ዶክተር ብርቱካን ውጤቴን አይታ ከወንበሯ ተነሣች።

"ቲቸር፣ እንኳን ደስ አለዎት! ቆሽትዎ ዕረፍት አግኝቶ በርትቷል። አመጋገብዎም ተስተካክሏል። መርፌውን አቁመን ወደ ኪኒን ብቻ እንመለሳለን። ሁሉም ሰው ይኼን ዕድል አያገኝም፣ ስንቱ ዕድሜውን ሙሉ ነው የሚወጋው።"

ትርንጎ እልል አለች። እኔ በጣቴ ወር እቆጥር ጀመር።

"ምነው ቲቸር? ደስ አላለዎትም?"

"ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ጊዜ እንየው። ሚያዝያ እስኪያልፍ።"

"ሚያዝያ ምን አለ?"

"ሠርግ" አለች ትርንጎ፣ ጉዴን ስታወጣው።

ዶክተሯ ሳቀች፣ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ለመንኳት። መርፌውን ከወሰድሽብኝ ቢያንስ አንዲት ወረቀት ጻፊልኝ፣ ቶሎ እንድበላ የሚያዝ፣ ማኅተም ያለው። እሺ ብላ ጻፈች፣ ማኅተሟን አሳረፈችበት፣ አጥፋ ሰጠችኝ። እቤት ደርሼ መነጽሬን አድርጌ አፍጥጬ አነበብኩት። "ታካሚው ጥቂት ጥቂት ይብሉ፤ ቅባት ይቀነስላቸው" ይላል።

ደግነቱ የሐኪም ጽሕፈት ነው። እኔ ራሴ ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ባለፈው እሑድ ክርስትና ቤት ሄጄ ለአስተናጋጁ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ያዘው፣ ዓይኑ በኔ ፊትና በወረቀቱ መካከል ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ እጅ ነሥቶኝ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። ሲመለስ፣ ለሌላው ሰው አንድ እንቁላል በሚደርስበት ዶሮ ወጥ፣ የእኔ ሳህን ላይ ሁለት ነበር።